ተሳቢው ተጠግኖ ሄደ፤ ድንጋዩ ግን መንገዱ ላይ ቀረ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት አለ። ከኩርባው በፊት አስፋልቱ ላይ የተጣለ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ጥቂት እልፍ ብሎ ሁለተኛ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ በኋላ የተደረደሩ ድንጋዮች። ይህ በየትኛውም የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ትርጉሙ ግን ለማንም አይጠፋም። ፊት ለፊት የቆመ መኪና አለ።

አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ተሳቢ ነው። ጎማው የፈነዳ፣ ባሌስትራው የተሰበረ፣ ኩሽኔታው የነደደ ወይም ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ያለ። ሚኒባሱም አውቶቡሱም ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጡሩምባ ነፍቶ ያልፋል። አንዱ ተሳፋሪ በመስኮት "አይዞህ ወንድሜ!" ይላል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት እዚያ እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚደርስለት የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

የመኪና መሰበር በአገራችን የሾፌሩና የባለንብረቱ የግል መከራ ተደርጎ ይቆጠራል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብረት ነውና ይሰበራል፤ በዓለም ላይ የማይሰበር መኪና አልተሠራም። ብዙ ጊዜ ሰው የሚገድለውና ቤተሰብ የሚያደኸየው ግን ስብራቱ ሳይሆን ከስብራቱ በኋላ የሚመጣው ነው። የሚጎተትበት ቦታ አለመኖሩ፣ የሚደወልለት አካል አለመኖሩ፣ ጨለማው፣ ስጋቱ፣ በመጨረሻም ተጠግኖ ሲሄድ መንገዱ ላይ ትቶት የሚሄደው ድንጋይ። እነዚህ አንዳቸውም የብረት ጉዳይ አይደሉም። የሥርዓት ጉዳይ ናቸው።

ቁልቁለቱ ምን ያደርጋል?

ጎሃ ጽዮን እና ደጀን የአባይ ሸለቆ ለሁለት የከፈላቸው፣ ተፋጠው የሚኖሩ የደጋ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ አለ። መንገዱ ከደጋው ተነስቶ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገርና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገርን አቅልሏል። ቁልቁለቱንና ዳገቱን ግን ድልድይ አያቀልላቸውም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። መኪናውና ተሳቢው ከነጭነታቸው 50 ቶን ቢመዝኑ፣ ይህ ክብደት 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 20 ሊትር ናፍጣ ቢቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። ሾፌሩ ከጫፍ ጀምሮ በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ፍሬን እየያዘ ከወረደ ከባዱን ድርሻ ሞተሩ ይሸከምለታል። በእግር ፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ሙቀቱ በሙሉ ታምቡሩና የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርደው ደግሞ የሞተሩን እገዛ ገና ከጅምሩ በገዛ እጁ ጥሎታል።

ተሳቢ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። ተሳቢው የራሱ ሞተር የለውም፤ ፍሬኑ የሚታዘዘው ከፊተኛው መኪና በቱቦ በሚደርሰው የአየር ግፊት ነው። የሁለቱ ፍሬን እኩል ካልተስተካከለ ፊተኛው ሲይዝ ኋለኛው ይገፋዋል፤ ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ ያጣጥፈዋል። ቱቦው ተቆርጦ አየሩ ሲያልቅ ደግሞ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ጊዜ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይህ ሕይወት ለማትረፍ የታሰበ ነው፤ መኪናው እንዳይሸሽ ያደርገዋል። ግን እዚያው የቆመበት ኩርባ ላይ፣ ግማሽ አስፋልት እንደያዘ ይተክለዋል።

ዳገቱም የራሱ ግብር አለው። ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣ ሙሉ ጭነት ፍሪሲዮን ያቃጥላል፣ ውሃ ያፈላል፣ ያረጀ ጎማ ያፈነዳል። በክረምት ጭጋግ ሲወርድና በኩራር በኩል ያለው መሬት ሲንሸራተት መንገዱ ራሱ ይጠባል። እንዲህ ባለ ቦታ የቆመ አንድ ተሳቢ የአንድ ሰው ችግር ሆኖ አያበቃም። ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ሐኪም ጋ የሚሄድ በሽተኛም፣ ለፈተና የሚቸኩል ተማሪም፣ አዲስ አበባ የሚጠበቅ ጤፍም።

ከቆመ በኋላ

አንድ ሾፌር ከሰዓት በኋላ በዳገቱ መካከል ቆመ እንበል። የመጀመሪያው ሥራ የረዳቱ ነው። ዘሎ ይወርድና ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ታኮ ከሌለ ትልቅ ድንጋይ። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይደረድራል። ከዚያ ክሪክ ይወጣል፣ ቡሎን ይፈታል፤ ጉዳቱ ይታያል። ከዚህ በኋላ ያለው የስልክ ጉዳይ ነው። ኔትወርክ በማይዝበት ኩርባ ከቆሙ ረዳቱ በእግሩ ወጥቶ ይደውላል።

ባለንብረቱ ስልኩን ያነሳል። መለዋወጫው ደጀን ይገኝ ይሆን? ካልሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ። እዚያም ከሌለ አዲስ አበባ። ረዳቱ የተሰበረውን ዕቃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚያልፍ መኪና ተለምኖ ይሳፈራል። ሾፌሩ ብቻውን ይቀራል። ጭነቱን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ አንድ ኩንታል ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነው። በብዙ አገር ሰዎች ለእረፍት ሲወጡ የሚጎትቱት ተሽከርካሪ ቤት አላቸው ይባላል። የእኛ አገር የተሳቢ ሾፌርም ቤቱ ጎማ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ለእረፍት አለመውጣቱ ነው። ጋቢናው መኝታ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ቢሮውም ነው። ታች በረሃው ላይ ከቆመ ቀኑ ያቃጥለዋል። ላይ ደጋው ላይ፣ ከሉማሜ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ሜዳ ከቆመ ደግሞ የጮቄ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛውም።

ይህ ጊዜ ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ ሾፌሮች ገቢያቸው ከምልልሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ የእነሱም ኪስ ይቆማል። የባለንብረቱም ዕዳ አይቆምም። መኪናውን በባንክ ብድር የገዛ ሰው ወለድ ይቆጥርበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል። ጎማውም፣ ኩሽኔታውም፣ የፍሬን ሸራውም በብዛት ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ ያረጀውን ሸራ "አንድ ምልልስ ይጨምር" ማለት፣ የተላጠውን ጎማ እንደገና ማሠር የስስት ብቻ ሳይሆን የአቅም ጉዳይም ሆኗል። የዛሬው ቁጠባ ግን የነገው ስብራት ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ሾፌሩን ብዙ ጊዜ የሚያቆየው የአካባቢው ሰው ነው። የጎጃም ገበሬ መንገድ ላይ የቀረን ሰው የእግዜር እንግዳ ይለዋል። ውሃ ያመጣሉ፣ እንጀራ ይቆርሱለታል፣ ማታ "እኛ ዘንድ ገብተው ይደሩ" ይሉታል። እሱ ጭነቱን ጥሎ መግባት ባይችልም ደጅ ወጥተው አብረውት የሚያመሹ አሉ። ይህ ደግነት የሚያስመሰግን ነው። አንድ አገር ግን የወጪና ገቢ ንግዱን በገበሬ እንጀራ ላይ መደገፍ የለበትም።

ድንጋዩ

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ድንጋይና ቅርንጫፍ መደርደር ሲጀመር ብልሃት ነበር። ሌላ ነገር በሌለበት ሰው ያለውን ይጠቀማል። ችግሩ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፣ ድንጋይ በሌሊት አይታይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል። ከዚያ ተሳፋሪ የሞላ አውቶቡስ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ ወደ 35 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 60 ሜትር። ዝቅ የተደረገ የፊት መብራት ግን በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 50 ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት ጥቁር ድንጋይ ጥቁር አስፋልት ላይ ተቀምጦ ሲታይ፣ ለመቆም ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ሾፌሩ የሚቀረው ምርጫ መሪ መጠምዘዝ ነው። በአባይ ሸለቆ መንገድ ወደ አንዱ ጎን መጠምዘዝ ገደል፣ ወደ ሌላው ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና ነው።

አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ግን ብርሃኑን መልሶ ወደ ሾፌሩ ይልካል፤ ዝቅ ያለው መብራት ድንጋዩን ከሚያሳይበት ርቀት አስቀድሞ ይታያል። ከመኪናው ራቅ ብሎ፣ ከኩርባው በፊት ከተቀመጠ ሰው ያድናል። ዋጋውም ከአንድ የተሳቢ ጎማ ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። መኪናው ሲጠገን ቸኩለው ይሄዳሉ፤ ድንጋዩ ይቀራል። ሾፌሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው ሞተሩ ሲነሳለት የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄድ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ የነበረው ድንጋይ መኪናው ከሄደ በኋላ ወጥመድ ይሆናል። ቀድሞ "ተጠንቀቅ፣ የቆመ አለ" ይል የነበረው አሁን ራሱ አደጋው ነው። ሞተር ብስክሌት የሚያሽከረክር ወጣት፣ ባጃጅ የሚነዳ የቤተሰብ ኃላፊ፣ ሌሊት በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ፣ እነዚህ ሁሉ ትናንት ለሌላ ሰው ታስቦ የተቀመጠውን ድንጋይ ዛሬ ያገኙታል። ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ድንጋዩ ግን አይደርቅም፤ የሚያነሳው ሰው እስኪመጣ እዚያው ነው።

ሰላሙ ሲጠፋ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የዚህ መንገድ ነገር ሌላ መልክ ይዟል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ጀምሮ ጎጃም የጦርነት አካባቢ ሆኗል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ግጭቱ አላበቃም። መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፣ ተከፍቷል፣ መልሶ ተዘግቷል። ከአባይ ማዶ በሰሜን ሸዋ በኩልም ስጋቱ ያው ነው። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው አገር ያወቀው ዜና ሆኗል። የጭነት ሾፌሮች መታገትና ቤዛ መጠየቅም እንዲሁ በተለያዩ አካባቢዎች ሲዘገብ ቆይቷል።

በሰላም ጊዜ የተሰበረ ተሳቢ የገንዘብና የትዕግስት ጉዳይ ነበር። አሁን የሕይወት ጉዳይ ነው። የሚሄድ መኪና ቢያንስ ይሄዳል፤ የቆመ መኪና ግን ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ላይ ይቆማል። ረዳቱ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ መንገዱ ቢዘጋ መመለሻው አይታወቅም። ሾፌሩ ጭነቱን ልጠብቅ ቢል ነፍሱን፣ ነፍሴን ላድን ቢል ጭነቱን ያጣል። ያ ደግ ገበሬም ቢሆን ዛሬ ከመሸ በኋላ ደጁን ለማያውቀው ሰው መክፈት ይፈራል፤ ያስጠጋው ሰው ማን ሆኖ እንደሚገኝ፣ ነገ ማን መጥቶ እንደሚጠይቀው አያውቅም። ጦርነት ከሚያጠፋቸው ነገሮች አንዱ በዜና የማይነገር ነው። የእግዜር እንግዳን ያጠፋል።

ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። "ጥፋቱ የሾፌሮቹና የባለንብረቶቹ ነው" ይባላል። ከልክ በላይ ይጭናሉ፣ ያለ ዕረፍት ይነዳሉ፣ በፎሌ ይወርዳሉ፣ ለቦሎ ብለው ብቻ ፍሬን ያስተካክላሉ፣ ሦስት ማዕዘን እያላቸው እንኳ መቀመጫ ሥር ይወሽቁታል። ይህ ብዙ እውነት አለው። ከጎሃ ጽዮን ከመውረዱ በፊት አሥር ደቂቃ ቆሞ ፍሬኑን፣ የአየር ቱቦውን፣ ጎማውን ያላየ ሾፌር የሚመጣውን መከራ ከፊሉን ራሱ ጠርቶታል። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ከወጣም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕግ የለም ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ይህ መከራከሪያ ጥያቄውን አይመልስም። ጥንቁቁም ሾፌር ይሰበርበታል። አዲስ መኪናም ጎማው ይፈነዳል። ጥፋተኛውን ሾፌር መቅጣት ይቻላል፤ ከኋላው የሚመጣውን አውቶቡስ ተሳፋሪ ግን በምን ጥፋቱ? የወደቀውን "ለምን ወደቅህ?" ብሎ መጠየቅ ከተነሣ በኋላ ነው የሚያምረው። ከዚህም በላይ፣ ለመጎተት የሚደወልለት አካል በሌለበት አገር ሾፌሩ ግማሽ ስብራት ይዞ "ደጀን ልግባ እንጂ" እያለ ለመንዳት ይገደዳል። እርዳታ አለመኖሩ ራሱ ጥፋትን ያበዛል።

ከዚህ በፊት የተሻለ የታሰበበት ጊዜ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመኪና በፊት በዚሁ በረሃ የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው የባሶ ገበያ የሚገናኙ ነጋዴዎች አባይን የሚሻገሩት ብቻ ብቻቸውን አልነበረም። ተሰብስበው፣ ተጠባብቀው ነበር። በቅሎ ቢወድቅ፣ ጭነት ቢፈታ ባለቤቱ በረሃ ላይ ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርገው ይህ አብሮነት ነበር። ዛሬ መኪናው ከበቅሎ ይልቃል፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ሰውየው ግን ከሲራራው ዘመን ይልቅ ብቸኛ ሆኗል።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ተአምር አይደለም። አንዳንዱ በአገር ውስጥ ተሞክሮ የታየ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲጀምር ጀምሮ የተበላሸ መኪና የሚጎትት ተሽከርካሪና አምቡላንስ ይዞ ነው። ያ መንገድ ከ80 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ሰፊ፣ ሁለቱ አቅጣጫዎቹ የተለያዩ መንገድ ነው። ሜዳ ላይ አስፈላጊ ሆኖ የተገኘ አገልግሎት ከአገሪቱ እጅግ አስቸጋሪ መንገዶች አንዱ በሆነው የአባይ ሸለቆ ላይ እንዴት ትርፍ ነገር ይሆናል? መልሱ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ስላለው ነው የሚል ከሆነ፣ ጥያቄው የገንዘብ ምንጭ እንጂ የአስፈላጊነት አይደለም ማለት ነው።

የገንዘብ ምንጩም አይጠፋም። በጀርመን አዳክ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1903፣ በእንግሊዝ ደግሞ ኤኤ የተባለው በ1905 ተመሠረቱ። ሁለቱም ያደጉት አሽከርካሪው በየዓመቱ በሚያዋጣው አነስተኛ ክፍያ ነው፤ መኪናው የቆመበት አባል ይደውላል፣ ባለሙያ ይመጣለታል። ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አሳብ አይደለም፤ ዕድርና ዕቁብ ከዚህ የተለዩ አይደሉም። አገራችን የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበራት አሏት፤ አባል አላቸው፣ መዋጮ አላቸው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም አሉ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ያ መድን ግን የተሠራው አደጋ ከደረሰ በኋላ ለተጎዳው ሰው ነው። አደጋው እንዳይደርስ የቆመውን መኪና ከኩርባ ላይ ለማንሳት የሚከፈል ትንሽ ድርሻ ቢኖር ለኩባንያዎቹም ኪሳራ አይሆንም፤ ገደል ከገባ አውቶቡስ የካሣ ክፍያ ይልቅ የአንድ ማንሻ መኪና ናፍጣ ይረክሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሁለተኛው የመንገዱ ጉዳይ ነው። በሸለቆው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ የሚቆምባቸው ሰፋ ያሉ ቦታዎች በበቂ ቁጥር ያስፈልጋሉ። በተራራማ አገሮች ፍሬን ለከዳው መኪና በጠጠር የተሞላ ማምለጫ መንገድ ይሠራል፤ መኪናው ጠጠሩ ውስጥ ሰምጦ ይቆማል። ጎረቤት ኬንያ ናኩሩ አቅራቢያ ያለው የሳልጋ ቁልቁለት በፎሌ በሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ምክንያት ስሙ ለዓመታት በአደጋ ሲነሳ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጨረሻ ቀን 36 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው ሁለቱን አቅጣጫ መለየት የተጣደፈው። እኛም ቁጥሩ እስኪሞላ መጠበቅ የለብንም። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ሦስተኛው ቁጥጥሩ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ለሚወርደው፣ ደጀን ላይም እንዲሁ፣ ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፍበት አጭር የፍሬን፣ የጎማና የሦስት ማዕዘን ፍተሻ ይኑር። ፍተሻ ማለት ግን ወረቀት ማየት አይደለም፤ ገንዘብ መቀበልማ ጭራሽ አይደለም። ታምቡሩ ላይ እጅ ጠጋ አድርጎ ግለቱን ማየት፣ አየሩ ሲወጣ ጆሮ ሰጥቶ ማድመጥ ነው። ፍሬኑ የጋለበት ሾፌር "ቁም፣ አቀዝቅዘህ ሂድ" ቢባል ይቆጣ ይሆናል። ከሦስት ኩርባ በኋላ ግን ያመሰግናል።

አራተኛውና ከሁሉም ከባዱ ሰላም ነው። ማንሻ መኪና የሚመጣው መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። ሰላም እስኪወርድ ድረስም ቢሆን የሚታጠቅ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አንድ ነገር ሊያከብር ይገባል፦ መንገድ ላይ የተሰበረበት ሾፌርና ረዳቱ የማንም ጠላት አይደሉም። የጫኑት ማዳበሪያ የጎጃም ገበሬ የሚዘራበት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ወጥተው አቤት ብለዋል። ከአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚገባ በመሆኑ ያ ማዳበሪያ የሚደርሰው በተሳቢ ነው። በረሃ ላይ የታገተ ሾፌር ማለት ሳይዘራ የቀረ ማሳ ማለት ነው።

አምስተኛው ምንም በጀት የማይጠይቅ ነው፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። ይህን የሚያነብ ሾፌር፣ ረዳት፣ ባለንብረት፣ ወይም ወንድሙ ሾፌር የሆነ ሰው ካለ ለእሱ ነው። ሦስት ማዕዘኑን ከመቀመጫው ሥር አውጣው። ጨለማ ከሆነ የአደጋ መብራትህን አብራ፤ ምልክቱንም ከኩርባው ወዲያ ማዶ፣ መኪናው ገና ሳይታይ ሰው እንዲያየው አድርገህ አስቀምጥ። ረዳትህ ተሳቢው ሥር እንዲተኛ አትፍቀድ፤ ታኮ ሊንሸራተት ይችላል፣ ከኋላ የሚመጣም ሊገጭ ይችላል። ድንጋይ ግድ ከሆነብህ ደግሞ ቁጠረው፤ ስድስት አስቀምጠህ እንደሆነ ስድስቱንም አንሳ። ሞተሩ ሲነሳ ደስ ይልሃል፣ ቶሎ መሄድ ትፈልጋለህ። አምስት ደቂቃ ብቻ ቆይ። ያቺ አምስት ደቂቃ የማታውቀው ሰው ልጅ ዕድሜ ናት።

ባለንብረትም የሚያደርገው አለ። ሾፌሩ ከበረሃው ጫፍ ደውሎ "ፍሬኑ አልተመቸኝም፣ ልቁም" ሲል "ባክህ ደርሰህ ታሳየዋለህ" አለማለት። የዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋጋ ከአንድ ቀን ገቢ በላይ ነው። ቆሞ ላሠራው ሾፌር ውሎ አበሉን አለመቁረጥም እንዲሁ። ሰው የሚከፈልበትን ይሠራል፤ በመቆሙ የሚቀጣ ሾፌር አይቆምም።

አባይ በረሃ አይለወጥም። ደጀን ደጀን ነው፣ ቁልቁለቱም ቁልቁለት ነው። ወደፊትም ተሳቢ ይሰበርበታል። ሊለወጥ የሚችለው የተሰበረበት ሰው ስንት ሌሊት ብቻውን እንደሚያድር፣ ከሄደም በኋላ መንገዱ ላይ ምን ጥሎ እንደሚሄድ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት፣ የማኅበራቱና የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ሥራ ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ሾፌር ነው፤ እሱን ለመጀመር የማንም መመሪያ አያስፈልግም።